የፈረሱ ቍጥርና የብረቱ ክብደት

ሰሞኑን አንድ ጋዜጣ ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር የገዛ ገበሬ ሃያ አምስት ፈረስ በአንድ ቀንበር እንደ ጠመደ ይቈጠራል ብሎ ጻፈ፤ ሦስትና አራት ሄክታር መሬት ይዞ የመጀመሪያውን ትንሽ ትራክተር ሊገዛ የተነሣ ሰውም ይህን እንደ ሃይማኖት አንቀጽ ተቀብሎ፣ በሻጩ ደጃፍ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የፈረሱን ቍጥር ሆኗል። ናፍጣ ስንት ይጠጣል፣ መለዋወጫው ይገኛል ወይ፣ መካኒኩ ቅርብ ነው ወይ የሚሉት ማንም የሚያውቃቸው ጥያቄዎች ናቸውና አልዘገይባቸውም፤ የሚያስቈጨኝ ክብደቱን የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

የፈረስ ጉልበት ማለት፣ በሜትር ሥርዐት እንደ ተደነገገው፣ 75 ኪሎ ግራም በአንድ ሰኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል ነው። እንግዲህ ባለ 25ቱ ትራክተር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲያርስ፣ በስሌት ብቻ ቢሆን፣ 1,350 ኪሎ በሚያህል ጉተታ መሳብ በተገባው ነበር። ነገር ግን ጎማ መሬትን የሚይዘው በተጫነው ልክ ስለ ሆነ፣ 800 ኪሎ የሚመዝን ትራክተር በልል አፈር ላይ ከክብደቱ እኩሌታ ብዙ አያልፍም፤ የቀረው ፈረስ ሁሉ ጎማውን ባለበት እያሽከረከረ አፈር ይፈጫል። ባዶ የጭነት መኪና በክረምት ጭቃ ሲዳክር፣ ሾፌሩም ድንጋይ ሲጭንበት ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ክንዱ የፈረጠመ ጐልማሳም ቅቤ በፈሰሰበት ወለል ላይ ቆሞ ገመድ ቢጓተት በሕፃን ይሸነፋል። («ትራክተር» በላቲን ሳቢ ማለት ነው፤ ከኋላ የሚጐተተውን «ተሳቢ» ብለን በገዛ ልሳናችን ሰይመን ሳቢውን በባዕድ ስም መተዋችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

ይህን ምሥጢር አጥርቶ ያየው አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። ከእርሱ በፊት ማረሻው ከኋላ ታስሮ ይጐተት ስለ ነበረ፣ ድንጋይ ወይም ሥር ሲይዘው ትራክተሩ በኋላ እግሩ እንደሚቆም ፈረስ ተነሥቶ በነጂው ላይ ይገለበጥ ነበር፤ ፈርጉሰን ግን ማረሻውን በሁለት የታች ክንድና በአንድ የላይ ክንድ አጣምሮ፣ አፈሩ ማረሻውን በያዘው መጠን የላይኛው ክንድ ትራክተሩን ወደ ፊት እንዲገፋ፣ ሸክሙም በኋላ ጎማዎች ላይ እንዲያርፍ፣ ጉተታው ከልክ ሲያልፍም ሃይድሮሊኩ ማረሻውን በራሱ በጥቂቱ እንዲያነሣ አደረገ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 በኮቨንትሪ መሠራት የጀመረው፣ ከአንድ ቶን ጥቂት የሚያልፈው ትንሹ ፈርጉሰን የሚያርሰው በዚህ ጥበብ ነበር። ዛሬ ሦስቱ ክንዶች በትናንሾቹ ትራክተሮች ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል አሉ፤ ጉተታውን የሚመዝነው አሠራር ግን ከብዙዎቹ ቀርቷል።

ክብደትን ሳመሰግን የዋልካ መሬት ባለቤት እንዳይሳሳትብኝ እሰጋለሁ፤ እርጥብ ጥቁር አፈር በከባድ ጎማ ሲረገጥ እንደ ጡብ ይጠነክራልና። በዚህ ላይ እኛ የአፈር ሰዎች ራሳችን አንስማማም። የላይኛውን አፈር የሚጨቍነው ይልቁንም የጎማው ነፋስ፣ የታችኛውን ደግሞ በአክስሉ ላይ ያረፈው ሸክም ነው የሚለውን እኔ እቀበላለሁ፤ ሆኖም መጠኑ እንደ እርጥበቱ ስለሚለዋወጥ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቍጥር መስጠት አልደፍርም። ጎማ በጥቂቱ መንሸራተቱም ነውር አይደለም፤ ከመቶ 10 አካባቢ መልካም ነው።

በደጋችን ደግሞ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ይህም በጋዜጣው አልተጻፈም።

እንግዲህ ገዢ ሆይ፣ ትራክተሩ በሚዛን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ጎማው ውስጥ ውኃ መሙላት፣ በግንባሩም ብረት ማንጠልጠል ይቻል እንደ ሆነ ጠይቅ፤ ሻጩ የማይመልስልህ ከሆነ ወደሚቀጥለው ደጃፍ ሂድ።