ስለ መልካም ማር፤ ስለ አገሩና ስለ አበባው፤ ስለሚጠመቅበትም ጠጅ

ባገራችን የማር ዓይነት ብዙ ነው። ዳሩ ግን አብዛኛው ሰው ማርን የሚያውቀው ነጭ፤ ቀይ፤ ብጫ እያለ በመልኩ ብቻ ነው፤ ከየት አገር እንደ መጣ፤ በምን ወር እንደ ተቈረጠ፤ ንቦቹም የቀሰሙት ምን አበባ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ ድካም የተገኘ ብርቅ ማር በገበያ ላይ ከተራው ጋራ ተደባልቆ በተራው ዋጋ ይሸጣል። ይህ ጽሑፍ በየአውራጃውና በየወረዳው ላሉ ሹማምንት፤ መሬትና ዱርም በእጃቸው ላለ ሰዎች ሁሉ የቀረበው፤ ማርን በየአገሩና በየአበባው ለይቶ ማወቅ ለአፍ ጣዕም ብቻ ሳይሆን ለንብ አናቢው ኑሮና ለዱሩም ጥበቃ የሚጠቅም መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ኢትዮጵያ በማር ብዛት ከአፍሪቃ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ጠጃችንም የታወቀው ዛሬ አይደለም፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ወደ አገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ መጽሐፉ የማር ወይን እያለ ያነሣዋል። በቀድሞው ዘመን ማር በጉንዶ እየተሰፈረ ለግብር ይገባ ነበር፤ በጉንዶ የሚሰፈር ነገር ደግሞ ብዛቱ እንጂ ጥራቱ ብዙ አይጠየቅም። ከዚያ ልማድ የተረፈን ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ዛሬም ባላገሩ ማሩን ሲያመጣ ስንት ኪሎ ነው ይባላል እንጂ የምን አበባ ነው አይባልም።

ከነጩ ማር እንጀምር። በትግራይ፤ በዋግና በላስታ ደጋዎች የሚገኘው ነጭ ማር አብዛኛው የሚቀሰመው በትግርኛ ተበብ፤ ባማርኛ መንተሴ ከሚሉት ትንሽ ቍጥቋጦ ነው። ይህ ቍጥቋጦ በድንጋያማ ተረተር ላይ፤ ሌላ ነገር በማይበቅልበት መሬት ይበቅላል፤ የክረምቱ ዝናም ካለፈ በኋላ ያብባል፤ ማሩም በጥቅምትና በኅዳር ይቈረጣል። አዲስ ሲቈረጥ ቀጭን ሆኖ ይፈስሳል፤ ጥቂት ሳምንት ሲቈይ ግን ይረጋል፤ ቅንጣቱም እጅግ የላመ ስለ ሆነ እንደ ቅቤ በቢላዋ ይነሣል። ይህን ያላወቀ የከተማ ሰው የረጋውን ማር ባየ ጊዜ ስኳር ተጨምሮበታል ብሎ ይተወዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ማር መርጋቱ ከባሕርዩ ነው፤ የአንዳንዱ አበባ ማር ፈጥኖ ይረጋል፤ የአንዳንዱም ዘግይቶ ይረጋል። ነጭ ማር እየጠየቀ የረጋውን የሚመልስ ገዢ፤ ፈልጎ የመጣበትን ነገር ራሱን እየመለሰ መሆኑን ቢነግሩት መልካም ነው። በዚሁ በላስታ ንብና ንግሥና በአፈ ታሪክ የተያያዙ ናቸው፤ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ ስሙም ከዚያ መጣ እየተባለ ይተረካልና።

በደቡብ ምዕራብም በካፋና በሸካ ዱር ሌላ ነጭ ማር አለ፤ እርሱ ግን የጌተም ማር ነው። ጌተም ትልቅ የዱር ዛፍ ነው፤ በበልግ ያብባል፤ ያን ጊዜ ባላገሩ ከረዥም ዛፍ ጫፍ ላይ የሰቀለውን ቀፎ ሌሊት በገመድ ወጥቶ ይቈርጣል። የትግራዩና የሸካው ማር መልካቸው ቢቀራረብም መዓዛቸው አይገናኝም፤ ሁለቱን በአንድ ማሰሮ የገለበጠ ነጋዴ ሁለቱንም አጥፍቷል። በዚያው ዱር ግራዋ ባበበ ጊዜ የሚቈረጠው ማር ጠቈር ያለና መራራ ነው። እንግዳ ሰው ሲቀምሰው ተበላሽቷል ይላል፤ የለመደው ግን ከጣፋጩ ይልቅ እርሱን ይመርጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቀላ ያለው የብሳና ማር ይደርሳል። እንግዲህ ከአንድ ዱር፤ ከአንድ ሰው ቀፎ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ማር ይገኛል ማለት ነው፤ ሦስቱን ለይቶ የሚሸጥ ግን ከስንት አንድ ነው።

በሸዋና በጎጃም የመስከረም አበቦች፤ ማለት አደይ አበባና መች፤ ኑግም በሚዘራበት አገር ኑጉ፤ ብጫውን ማር ይሰጣሉ። ወንጪ ከሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ዙሪያ ካሉት ተራሮችም የአስታና የኮሶ አበባ ያለበት ማር ይቈረጣል። ስሎው ፉድ የተባለው በኢጣልያ የተመሠረተ ማኅበር የወንጪን ማርና የትግራይን ነጭ ማር ሊጠበቁ ከሚገባቸው የዓለም ምግቦች መካከል ቈጥሯቸዋል። የውጭ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ስማቸውን ሲመዘግብ የወረዳው ሹም ሳያውቃቸው ቢቀር የሚያስገርም ይሆናል።

መልካም ማር ከአበባው ብቻ አይገኝም፤ ከሚቈርጠውም ሰው እጅ ነው። የበሰለ ማር ንቦቹ በሰም የከደኑት ነው። ገና ያልተከደነው ውኃው ብዙ ስለ ሆነ ቈይቶ ይቦካል፤ ዓለም የተስማማበት ደንብ በማር ውስጥ ያለው ውኃ ከ20 ከመቶ እንዳያልፍ ያዛል። ስለዚህ ቈራጩ የተከደነውን እንጀራ ካልተከደነው፤ ማሩን ከእጭ ለይቶ በየዕቃው ማኖር ይገባዋል። ጭሱም ልክ አለው፤ በኵበት ጭስ የታጠነ ማር ጭስ ጭስ ይላልና አበባው አይታወቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ላምባ ወይም ዘይት በነበረበት ጀሪካን መጨመር ነው፤ ማር የነካውን ሽታ ሁሉ ይስባል፤ ከሳበም በኋላ አይለቅም። የረጋውን ለማቅለጥ ብለው በእሳት ላይ የሚጥዱትም ብዙ ናቸው፤ ይህም መዓዛውን ያጠፋዋል፤ በመመርመሪያም ጊዜ በእሳት የተጐዳ መሆኑ ይታወቅበታል። ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ዕቃውን አቁሞ ቀስ እያሉ ማላላት ይበቃል።

ስለ ቀፎ ብዙ ክርክር አለ። የባላገሩ ቀፎ ከሽመል፤ ከሐረግ፤ ከጭቃና ከእበት የሚሠራው፤ በዓመት የሚሰጠው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው ይባላል፤ ባለ ክፈፉ ሣጥን ቀፎ ግን በደህና አያያዝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል። ሣጥኑ መልካም ነው፤ ማሩም ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ሆኖም በአሮጌው ቀፎ የሚሠራ ሁሉ ክፉ ማር ይቈርጣል ማለት ስሕተት ነው፤ የጫካው ማር ዝነኛ የሆነው በዚያው ቀፎ ነውና። ሣጥን ታድሎ ንቡን መያዝ ሳይማር የቀረ ሰው ሣጥኑን የእህል ማስቀመጫ እንዳያደርገው ማስተማሩ ይቀድማል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የማር ዋጋ ከፍ እያለ በሄደ ቍጥር ስኳር የሚያሟሙበት በዝቷል። አንዳንዱ ስኳር አፍልቶ ከማር ጋራ ይቀላቅላል፤ አንዳንዱም አበባ በሞላበት ወራት ለንቦቹ ስኳር እያበላ፤ ንብ የሠራው ነው ብሎ ይሸጣል። በረኀብ ወራት ንብን መመገብ ነውር የለበትም፤ የሚሸጠውን ማር በስኳር ማስሞላት ግን ሌብነት ነው። የሚጐዳውም ገዢው ብቻ አይደለም። ስኳሩ ርካሽ ስለ ሆነ አታላዩ ዋጋ ይሰብራል፤ እውነተኛውን የቈረጠ ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ አይችልም፤ ወይ ንቡን ይተዋል፤ ወይ እርሱም ስኳር መጨመር ይማራል። ንቡን ከተወ ደግሞ ጌተሙንና ብሳናውን የሚያቆምበት ምክንያት አይኖረውም፤ ለከሰል ይቈርጠዋል። በትግራይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እጅግ ብዙ ቀፎ ጠፍቷል፤ ከባዶ የጀመረው ንብ አናቢ መንጋውን መልሶ ለማብዛት ሲደክም የስኳር ማር በነጭ ማር ስም ቢቀድመው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ሕዝቡ ማርን የሚፈትንበት ልማድ ብዙ ነው፤ አንዱ በክብሪት እንጨት ነክሮ ይለኵሰዋል፤ አንዱ በውኃ ላይ ያንጠባጥበዋል፤ አንዱ በጥፍሩ ላይ ያኖረዋል። እነዚህ ሁሉ ውፍረቱንና የውኃውን መጠን ቢያሳዩ እንጂ ስኳሩን አይለዩም፤ ወፍራም ሆኖ የተፈላ ስኳር ሁሉንም ያልፋቸዋል። ቀማሽ የሆነ ሰው ግን መንገድ አለው። እውነተኛ ማር ከመቅመሱ በፊት ይሸታል፤ በአፍ ሲገባ ጣዕሙ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ጣፋጭነቱ ካለፈ በኋላ የአበባው ጠረን ወይም ጥቂት ምሬት ይተርፋል። ስኳር ወዲያው ይጣፍጣል፤ ወዲያውም ባዶ ይሆናል። ይህም ቢሆን የለመደ ምላስ ይፈልጋል። የማያከራክር ፍርድ የሚሰጠው ቤተ ሙከራ ነው፤ በንጹሕ ማር ውስጥ ሱክሮስ የተባለው ስኳር በደንቡ ከ5 ከመቶ አያልፍም፤ ከሸንኮራ አገዳ የወጣ ስኳርም በካርቦን ምርመራ ይለያል። በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ፤ የተጠረጠረ ማር ሲያዝ በገበያ ላይ ከመፍረድ ይልቅ ናሙናውን አሽጎ ወደ መርማሪ መላክ ይገባል።

ማራችን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ወደ ኤውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዲገባ ተፈቅዶለታል፤ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅም በቍጥር 660 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕጉና በሩ ተከፍቶ ሳለ የጐደለው ስም ነው። የቡናውን ነገር ያስታውሷል፤ መንግሥታችን በ1997 ዓ.ም. ሐረር፤ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ጠየቀ፤ ብዙ ክርክር ከሆነ በኋላም በ1999 ዓ.ም. ስታርበክስ ከተባለው ኩባንያ ጋራ ስምምነት ተደረገ። ያን ጊዜ ዓለም ያከበረው ባቄላውን ብቻ ሳይሆን የአገሩን ስም ነው። ለማርም መጀመሪያው ቀላል ነው፤ በወረዳው ገበያ የሚሸጥ ማር ሁሉ ቀበሌው፤ የተቈረጠበት ወርና አበባው በዕቃው ላይ እንዲጻፍ፤ የተለያየውም እንዳይደባለቅ ሹሙ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋራ ሆኖ ቢያስለምድ ወጪው ወረቀትና ቀለም ብቻ ነው። አበባ በወጣበት ወራት የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኀኒት የሚረጩ ገበሬዎችም አስቀድመው ለጐረቤት ንብ አናቢ እንዲያስታውቁ፤ ንቦች ከገቡ በኋላም ወደ ማታ እንዲረጩ ማድረግ ከሹሙ የሚጠበቅ ነው።

ጠጅን ደግሞ ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም፤ አብዛኛው ማራችን የሚያልቀው በእርሱ ነውና። መልካም ጠጅ ጠማቂ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥቦ በወይራ ያጥነዋል። አንድ ማር ለሦስት ውኃ የሚበርዝ አለ፤ እስከ አምስት የሚያደርስም አለ፤ እስከ አምስት የደረሰው ቀጭን ነው፤ በእኔ አስተያየት ለግብር የሚቀርበው ከሦስት ወይም ከአራት ባያልፍ ይሻላል። ከሰሙ ጋራ የተበረዘ እንደ ሆነ ሁለት ሦስት ቀን ሲሰነብት ሰፈፉ ይንሳፈፋል፤ እርሱ ተገፍፎ ጌሾው ይገባል። እርሾ አይጨመርበትም፤ የሚያፈላው ከማሩና ከጌሾው ጋራ የሚመጣው ነው። በቆላ በሳምንት ይደርሳል፤ በደጋ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ከመጠጥ የሚታቀብ እንግዳ ሲኖር ሳይፈላ ብርዙን ማቅረብ የቈየ ደንብ ነው።

ጠጅም እንደ ማሩ በስኳር ይሠራል፤ ብጫ ቀለም ይጨመርበትና በብርሌ ሲቀዳ ያምራል። የማር ጠጅ ጥቂት ደፍረስ ያለ ነው፤ ብርሌውን ወደ አፍንጫ ሲያቀርቡት ማሩ ከጌሾው ቀድሞ ይሸታል። የስኳሩ ግን መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ቀጥሎ ጌሾው ብቻውን ይቀራል። የነጭ ማር ጠጅ ቀለል ያለ፤ የብሳናው ከበድ ያለ ነው፤ የግራዋ ማር ጠጅ ደግሞ ምሬቱ ከጌሾው ጋራ ሲገናኝ ለሚወድደው የሚበልጠው የለም።

ሹም ጠጅ ቤቱን በሩቅ ሆኖ የሚያውቅበት ሌላ ምልክት አለ። አብዛኛው ጠጅ ቤት የሚጠምቀው ባልተጣራ ማር ስለ ሆነ ከየጋኑ ሰፈፍ ይገፍፋል፤ ሰፈፉም ቀልጦ ሰም ይሆናል፤ ወደ ውጭ አገር የምንልከው ሰም ብዙው የሚሰበሰበው ከእነዚሁ ቤቶች ነው። በሳምንት ብዙ ጋን እየቀዳ ለሰም ነጋዴ የሚሸጠው ሰፈፍ የሌለው ጠጅ ቤት ቢገኝ፤ የተጣራ ማር ከማን እንደ ገዛ ደረሰኙን ያሳይ ዘንድ ይጠየቅ።