ትንሿ ክላርኔት ለምን ቶሎ ከቅኝት ትወጣለች?

እ.ኤ.አ. በ1830 ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሄክቶር ቤርሊዮዝ «ሲምፎኒ ፋንታስቲክ» የተባለውን ሥራውን አቀረበ። በመጨረሻው ክፍል የጠንቋዮች ጭፈራ አለ። እዚያ መሀል አንዲት ትንሽ መሣሪያ ቀደም ሲል የሰማነውን የፍቅር ዜማ እያላገጠች ትጫወተዋለች። ድምፅዋ ቀጭንና ጆሮ የሚወጋ ነው። ይህች መሣሪያ ኢ-ፍላት ክላርኔት ናት።

ድምፅዋ ከሌሎቹ በላይ ስለሚወጣ፣ ትንሽ ከቅኝት ብትወጣ ሁሉም ሰው ይሰማታል። ችግሩ ደግሞ እሷን መቃኘት ከታላቅ እህቷ ከቢ-ፍላት ክላርኔት ይልቅ ይከብዳል። ለምን?

አንዷ ሚሊ ሜትር

ዋሽንት ነፊዎች ብዙውን ጊዜ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ይይዛሉ፤ አጭሩ ቀጭን፣ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ለክላርኔትም ሕጉ ያው ነው፦ የሚርገበገበው አየር ርዝመት ባጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ቢ-ፍላት ክላርኔት 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስትረዝም፣ ኢ-ፍላት ግን 49 ገደማ ብቻ ናት።

እስቲ እናስላ። በትንሿ ክላርኔት ላይ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ስንደፍን የሚርገበገበው አየር 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጣቶቻችንን ሁሉ ስናነሳ ግን ወደ 19 ያጥራል። አሁን ቱቦውን በ1 ሚሊ ሜትር ብናስረዝመውስ? ረጅሙ አየር በ0.23 በመቶ፣ አጭሩ ግን በ0.53 በመቶ ይጨምራል።

ሙዚቀኞች እንዲህ ያለውን ልዩነት በ«ሴንት» ይለካሉ፤ በፒያኖ ላይ በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መካከል 100 ሴንት አለ። ስለዚህ ያቺው 1 ሚሊ ሜትር የታችኛውን ኖታ በ4 ሴንት፣ አጭሩን ኖታ በ9 ሴንት ዝቅ ታደርጋለች። 9 ሴንት ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ሁለት ተጫዋቾች በዚያ ኖታ ላይ በዚህን ያህል ቢለያዩ፣ ድምፁ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ሲል በግልጽ ይሰማል።

ታዲያ መሣሪያው እንዴት ይስተካከል?

ከንፈር የሚያርፍበት ክፍል ማውዝፒስ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለችው አጭር ቁራጭ ደግሞ ባሬል ትባላለች። ድምፁ ሲቀጥንብን ባሬሏን ትንሽ ወደ ውጭ እንስባለን። ግን ስሌቱን አስታውሱ! 2 ሚሊ ሜትር ብንስብ አጭሩ ኖታ በ18 ሴንት ሲወርድ፣ የታችኛው የሚወርደው በ8 ብቻ ነው። አንዱን ስናስተካክል ሌላው ይቀራል።

መፍትሔው ስበቱን ማከፋፈል ነው፦ ከባሬሏ ጥቂት፣ የላይኛውና የታችኛው አካል ከሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ጥቂት። መሀል ላይ ያለው ስበት የሚነካው የታችኛውን አካል የሚጠቀሙ ኖታዎችን ብቻ ነው። አካሏ አንድ ወጥ ከሆነ ይህ አይቻልም፤ ያኔ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ባሬሎች መሞከር ያስፈልጋል።

ከሸምበቆ የሚሠራው ቀጭን ምላስ፣ ማለትም ሪዱም ወሳኝ ነው። በጣም ከጠነከረ ተጫዋቹ እንዲነክሰው ያስገድደዋል፤ ሲነከስ ደግሞ ድምፁ ይወጣል፣ በተለይ ላይ ላይ። በጣም ከለሰለሰ ጠንከር አድርገው ሲነፉት ድምፁ ይወርዳል። አንዳንድ ተጫዋቾች የቢ-ፍላት ሪድ ገዝተው ከወፍራም ጫፉ በኩል ቆርጠው ያሳጥሩታል።

ሙቀትም አለ

በሞቃት አየር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ኖታው በ3 ሴንት ገደማ ከፍ ይላል፤ በ5 ዲግሪ ደግሞ በ15። ስለዚህ ቀዝቃዛ ክላርኔት ቃኝቶ መጀመር ዋጋ የለውም፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቅኝቱ ሌላ ይሆናል። ትንሿ ክላርኔት ደግሞ ጭን ላይ ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ ቶሎ ትቀዘቅዛለች። ከመግባታችሁ በፊት ያለ ድምፅ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ንፉባት።

ራሳችሁ ሞክሩት

መሣሪያውን አሙቁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ኖታ ለስላሳ አድርጋችሁ ያዙ። ድምፁ ሲረጋ ዓይናችሁን ገልጣችሁ የስልካችሁን መቃኛ መተግበሪያ ተመልከቱ። መርፌውን እያያችሁ ከጀመራችሁ ግን ከንፈራችሁ ሳታውቁት ያስተካክለዋል፤ እውነተኛው ስሕተት ይደበቃል። የእያንዳንዱን ኖታ ልዩነት ጻፉ። አጫጭሮቹ ኖታዎች ብቻ ከቀጠኑ ባሬሏን፣ የታችኞቹ ብቻ ከሆኑ መሀሉን፣ የላይኞቹ ብቻ ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ ከንፈራችሁንና ሪዱን ጠርጥሩ።