ቃል የሌለው መጽሐፍ ቤታችንን አነጋገረ

«ካርቱንና ቁም ነገር ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ወላጆች ካላችሁ፣ እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ እኔም ከናንተ ወገን ነበርኩ። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ጥፋቴን ለማመን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ዋሽንግተን መሐል ከተማ ወደሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ጎራ እላለሁ። በ1972 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ይህ ሕንፃ ታድሶ እንደገና በሩን የከፈተው በ2020 ነው። አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ነገሩ ሁሉ ያስቀናል። እኛ ወመዘክር ገብተን የፈለግነውን መጽሐፍ እዚያው አንብበን፣ እዚያው መልሰን ነበር የምንወጣው። ልብ ወለድ ቤታችን ወስደን ማንበብ ካማረን ደግሞ ከመንገድ ዳር በሳንቲም እንከራይ ነበር። እዚህ አገር ግን በአንዲት ካርድ እቅፍ ሙሉ መጽሐፍ በነፃ ይዞ መውጣት ይቻላል።

የአሥራ አራት ዓመቱ ልጄ ታዲያ ያን ሁሉ መደርደሪያ እያለፈ ይዞ የሚመጣው ኮሚክ ነው። «አንተ ልጅ፣ ትምህርት ቤት የላክሁህ ሥዕል እንድታይ ነው?» ብዬ ተቆጣሁት። «አባዬ፣ መጀመሪያ አንብበው» አለኝና አንዱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎልኝ ገባ። ያለው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛዋ «አባዬ» ብቻ ናት።

መጽሐፉ «ፐርሰፖሊስ» ይባላል። ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ ጽፋና ሥላ ከ2000 ጀምሮ በፈረንሳይ ያሳተመችው ነው። የ1979ኙን አብዮት በልጅ ዓይን ያሳያል። ሰልፉ፣ እስሩ፣ የአጎቷ መገደል፣ ጦርነቱ ሁሉ አለበት። በመጨረሻ ወላጆቿ ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ብቻዋን ወደ ቪየና ይሸኟታል። ዞር ብላ ስታይ እናቷ ራሷን ስታ አባቷ ተሸክመዋት ይሄዳሉ። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ቴህራን ነው፤ እኔ ግን ያየሁት ቦሌን ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት እናቴ የሸኘችኝ እዚያ ነው።

እናቴ ዛሬ ከኛ ጋር ትኖራለች። እንግሊዝኛ አታውቅም። የልጄ አማርኛ ደግሞ «ደህና ነኝ» እና «በቃኝ» ላይ ያበቃል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ፈገግ ሲባባሉ ይውላሉ።

አንድ ቅዳሜ ልጄ «ዘ አራይቫል» የተባለውን መጽሐፍ ተውሶ መጣ። «መድረስ» እንደማለት ነው። አውስትራሊያዊው ሾን ታን በ2006 ያወጣው ይህ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ብቻ ነው፤ ታሪኩን የሚናገር አንድም ቃል የለበትም። አንድ ሰው ሚስቱንና ልጁን ትቶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደማያውቀው አገር ይሰደዳል። የአገሩ ፊደል ሠዓሊው ራሱ የፈጠረው ስለሆነ ከሰውዬው ጋር እኛም መሃይም እንሆናለን። ማደሪያ ሲፈልግ አልጋ ሥሎ ያሳያል። ማስታወቂያ ለጣፊ ሆኖ ይቀጠርና ማንበብ ስለማይችል ዘቅዝቆ ይለጥፋል።

ልጄ መጽሐፉን አያቱ ጭን ላይ ዘረጋው። ገጹን እየገለጡ በጣት ይጠቋቆማሉ። ማስታወቂያው ሲዘቀዘቅ እናቴ ሳቀች። ከዚያ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች ተመለሰች። እዚያ ሰውዬው የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ያስገባል። እናቴ ዝም አለች፤ ቆየችና ወደኔ ዞራ፣

«ያን ዕለት ሌሊት የወንድምህን ፎቶግራፍ ሸሚዞችህ መሐል ሸጉጬው ነበር። ፍተሻ ላይ ያስይዝብኛል ብዬ ሊነጋጋ ሲል መልሼ አወጣሁት» አለችኝ።

ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ዘመን ከቤት ተወስዶ ያልተመለሰ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህን ነገር አልሰማሁም ነበር። ተነሥታ ፎቶግራፉን ከጸሎት መጽሐፏ መሐል አውጥታ ለልጄ ሰጠችው። «ማነው?» አለ፣ በአማርኛ። አጎት እንደነበረው እንኳ አልነገርኩትም ነበር። ያን ሌሊት በእናቴና በልጄ መሐል ተቀምጬ ሳስተረጉም አመሸሁ።

በሳምንቱ ልጄ «ማውስ»ን አመጣ። አርት ስፒግልማን አባቱን እየጠየቀና ድምፁን በቴፕ እየቀዳ ከናዚዎች ጭፍጨፋ እንዴት እንደተረፈ የጻፈው ኮሚክ ነው። አይሁዶቹን በአይጥ፣ ጀርመኖቹን በድመት መስሎ ሥሏቸዋል። በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ልጄ አንብቦ ሲጨርስ ስልኩን ፊቴ አስቀምጦ «አሁን ያንተን» አለኝ። መቅዳት ጀምረናል።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። ልጆቻችን አገራቸውን አልናፈቁም ብለን እንወቅሳቸዋለን፤ ግን መቼ ነገርናቸው? «የሚያስለቅሰውን እንተወው» እያልን ታሪካችንን ሻንጣችን ውስጥ ቆልፈንበት ኖርን።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በየከተማችሁ ካለው ላይብረሪ ካርድ አውጡ። ልጁ ኮሚክ ካነሳ አትቆጡ፤ አብራችሁ አንብቡ። እንግሊዝኛ የማያውቁ እናትና አባት ካሏችሁ ቃል የሌለውን መጽሐፍ ፈልጋችሁ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አስቀምጧቸው። የአማርኛ መጽሐፍ ካጣችሁም ላይብረሪው እንዲገዛ ጠይቁ። በ2018 የወጣው የኢትዮጵያዊ ጀግና ኮሚክ «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተዘጋጅቷል። ጠያቂ ከሌለ ገዢ ከየት ይመጣል?

የወንድሜ ፎቶግራፍ አሁን ልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለው እሱ ራሱ ነው።