ዓሣን በዓሣ መቀለብ እስከ መቼ?

ስለ ዓሣ እርባታ በተነሣ ቍጥር ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ኩሬውና ስለ መረቡ፥ ስለ ጫጩቱና ስለ ገበያው ነው። ዓሣው ራሱ ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ላይ ነው እንላለን። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደሚባለው፥ የመኖውን ነገር ጥቂት የመረመረ ሰው ከሥሩ የሚያገኘው የኤኮኖሚና የፍትሕ ጥያቄ ነው። ስለዚህም ጉዳዩ የእርሻ ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን የእኛም፥ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች፥ ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ የነገሩን ስፋት እንይ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በ2022 በዓለም ላይ በእርባታ የተገኘው ዓሣና ሌላው የውኃ እንስሳ 94 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፥ ከባሕርና ከሐይቅ ተጠምዶ የወጣው 91 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። የሰው ልጅ ያረባው ካጠመደው ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲህ ባሕሩ ዐረፈ» ሳይል አይቀርም። ነገር ግን እንደ ሳልሞን ያለው ሥጋ በል ዓሣ በረት ውስጥ ተዘግቶ ሲያድግ ምግቡን ራሱ ፈልጎ አያገኝም፤ ከውጭ ሊመጣለት ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለው እርባታ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚወስደው መኖው ነው። መኖው ደግሞ ለብዙ ዘመን ሌላ ዓሣ ነበር።

የዓሣ ዱቄት የሚባለው እንደ አንቾቬታ ያለው ትንንሽ የባሕር ዓሣ ተቀቅሎ፥ ተጨምቆና ደርቆ ሲፈጭ የሚገኘው ነው። ከክብደቱ ከመቶ 60 እጅ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ለማደግ የሚያስፈልጉትን እንደ ላይሲንና ሜታዮኒን ያሉትን ንጥረ ነገሮች አሟልቶ ይዟል፤ ዓሣውም ሽታውን ይወድዳል። ጉዳቱ አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ዓሣ መጥፋቱ ነው። እንግዲህ ሁሉም በዚህ ዱቄት ላይ ከተመሠረተ፥ እርባታው በሰፋ መጠን ባሕሩ ይራቈታል ማለት ነው።

አደጋውን የፔሩ ታሪክ በግልጽ ያሳያል። በ1970 ፔሩ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቬታ አጠመደች፤ አብዛኛውም ለዱቄት ዋለ። በዚያን ጊዜ ዱቄቱን ይበሉ የነበሩት በይበልጥ ዶሮና አሳማ ነበሩ። በ1972 ኤልኒኞ የሚባለው የሞቀ ውኃ ከጠረፉ ሲደርስ፥ አስቀድሞ ያለ ልክ በመጠመድ የተዳከመው ዓሣ ጠፋ፤ በ1973 የተገኘው ከ2 ሚሊዮን ቶን በታች ነበር። የመኖ ገበያ በአንድ ጊዜ ወደ አኩሪ አተር ስለ ዞረና ሌላም ምክንያት ስለ ተጨመረበት ዋጋው እጅግ ናረ። በ1973 በሰኔ ወር አሜሪካ አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። ጃፓንም በዚህ ደንግጣ በብራዚል የአኩሪ አተር እርሻ እንዲስፋፋ ገንዘብ አወጣች። አንድ የባሕር ጠረፍ ሲሞቅ የሦስት አህጉር ገበያ መናወጡ ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ነገሩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2023 ኤልኒኞ በተመለሰ ጊዜ ፔሩ በዋናው የማጥመጃ ክልልዋ የዓመቱን የመጀመሪያ ወቅት ሰርዛለች።

ታዲያ ሳይንስ ምን አደረገ? የኖርዌይን ሳልሞን እንመልከት። በ1990 ከመኖው ከመቶ 90 እጅ ያህሉ የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት ነበር። በ2020 ግን ይህ ወደ 22 እጅ ዝቅ ብሏል፤ የቀረውን የሸፈነው በይበልጥ ተክል ነው። ለውጡ ግን እንዲሁ አልመጣም። ጥሬው አኩሪ አተር የምግብ መፈጨትን የሚያውክ ነገር አለበት፤ የተራ አኩሪ አተር ፋጉሎ የሳልሞንን አንጀት ያቈስላል። ስለዚህ ፕሮቲኑን ለይቶ ማውጣት አስፈለገ። በእህል ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ፎስፎረስ ዓሣው ሊጠቀምበት ስለማይችል፥ የሚፈታ ኢንዛይም ተጨመረ፤ ይህም ከዓሣው በሚወጣው ቈሻሻ ውኃው እንዳይበከል ረዳ። የጐደለው ላይሲንም ስኳር በሚበሉ ባክቴሪያዎች እየተመረተ ተሟላ። መኖው በእንፋሎትና በግፊት ተጋግሮ እንክብል ሲሆን እንዲንሳፈፍ ማድረግ ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ አርቢው የተበላውንና የተረፈውን በዓይኑ ያያል።

ይሁን እንጂ ከባሕር መውጣት ብቻ መዳን አይደለም። አኩሪ አተሩ ከብራዚል ሲመጣ ጥያቄው ከባሕሩ ወደ ደኑ ተሻገረ። ዱቄቱም ቢሆን በየበረቱ ድርሻው ቢያንስም አርቢው ስለ በዛ ፈላጊ አላጣም። ከ2010 ወዲህ በሞሪታንያ፥ በሴኔጋልና በጋምቢያ ጠረፍ በርካታ የዱቄት ፋብሪካዎች ተተክለዋል። የሚፈጩት ሰርዲኔላ የሚባለውን ዓሣ ነው፤ ይህም የምዕራብ አፍሪካ ድኻ በርካሽ የሚያገኘው፥ ሴቶች አጭሰውና አድርቀው እስከ መሀል አገር የሚሸጡት ምግብ ነው። ዱቄቱ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ይሄድና የሀብታም ዓሣ ይደልብበታል። ይህን «የእርባታ እድገት» ብለን ልንጠራው ይገባልን? ከድኻው ገበታ ተነሥቶ ለባለጠጋው ገበታ የሚቀርብ ዓሣ በቍጥር ቢጨምርም፥ ለእኛ እድገት አይደለም።

ስለዚህ አዲስ መኖ ሲፈለግ መለኪያው ዓሣውን ማሳደጉ ብቻ ሳይሆን ከማን አፍ እንደ ተወሰደም መሆን አለበት። በዚህ መለኪያ ተስፋ የሚሰጡ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ተረፈ ምርት ነው፤ በዓለም ከሚመረተው የዓሣ ዱቄት ሲሶ ያህሉ ዛሬ የሚሠራው ከጭንቅላት፥ ከአጥንትና ከሆድ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ነፍሳት ናቸው፤ ጥቁር ወታደር የሚባለው ዝንብ ትል በወጥ ቤት ጥራጊ ላይ አድጎ ብዙ ፕሮቲን ይሰጣል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 ከዚህ ዓይነቱ የሚገኘው ፕሮቲን ለዓሣ መኖ እንዲውል ፈቅዷል። ሦስተኛው በዓይን የማይታይ የውኃ አልጌ ነው። የዓሣ ዘይት የሚመሰገንበትን ኦሜጋ ሦስት በመጀመሪያ የሚሠራው አልጌው ነው፤ ዛሬ በጋን ውስጥ እያደገ ዘይቱ በቀጥታ ይወጣል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ የዓሣ ዱቄት እየገዛች እርባታ ታስፋፋለች ማለት ዘበት ነው። ደግነቱ ቲላፒያ የሚባለው ቆሮሶአችን እንደ ሳልሞን ሥጋ በል አይደለም፤ ከውኃው አልጌ ይለቅማል፤ በኩሬው የከብት ፍግ ቢጨመር አልጌው ይበዛለታል። ኑግ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ ከመቶ 30 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው። ፉርሽካው፥ የቢራ ፋብሪካው የብቅል አተላ፥ የቄራው ደም በእጃችን ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣው ሥጋ ከወጣ በኋላ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለአሞራ ሲጣል ማንም ያያል፤ ከቆሮሶ ለሥጋነት የሚወጣው ደግሞ ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው።

«ፋጉሎውን ላሟና የሚደልበው በሬ ይበሉታል፤ ዋጋው አይወደድምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ዓሣ ደሙ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ሰውነቱን ለማሞቅ ምግብ አያቃጥልም፤ ክብደቱንም ውኃው ይሸከምለታል። በደንብ የተያዘ ቆሮሶ በአንድ ኪሎ ተኩል ያህል መኖ አንድ ኪሎ ሲጨምር፥ ለሚደልብ በሬ የሚያስፈልገው የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ፋጉሎውም ቢወደድ ደሙ፥ አተላውና የዓሣው አጥንት ገና አልተነኩም።

በሁዳዴ የዓሣ ዋጋ ሲሰቀል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሐይቆቻችንም ከዓመት ዓመት ብዙ መረብ ይሸከማሉ። ኩሬ መቈፈር ቀላል ነው፤ ጫጩት ማከፋፈልም ለፎቶግራፍ ያምራል። ከዚያ በኋላ ግን ዓሣው ይርበዋል። እንግዲህ ከእርሻ፥ ከኬሚስትሪና ከኤኮኖሚክስ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስለ ዓሣ እርባታ እቅድ በሰሙ ጊዜ ሁሉ በመጀመሪያ አንድ ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ይኸውም «መኖው ከየት ይመጣል? ከማንስ ማእድ ተነሥቶ?» የሚለው ነው።