ኦቨርሞሮው፦ እንግሊዝኛ የጣለው «ከነገ ወዲያ»

እንግሊዝኛ የሚጀምር ልጅ «ቱሞሮው» ነገ፣ «የስተርደይ» ትናንት መሆኑን ወዲያው ይይዛል። ቀጥሎ «ከነገ ወዲያስ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ አራት ቃል ሆኖ ይመጣለታል፦ ዘ ደይ አፍተር ቱሞሮው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮላንድ ኤመሪክ ፊልም ርዕሱ ይኸው ነው። እኛ በትንፋሽ የምንለውን እነሱ ያብራሩታል።

አንድ ቃል ግን ነበራቸው፤ ኦቨርሞሮው። «ኦቨር» እዚህ ላይ አልፎ፣ ወዲያ ማለት ነው። «ሞሮው» ደግሞ ጥንት ንጋት ነበር። ሰኞ ዕለት ኦቨርሞሮው የሚል ሰው ረቡዕን ማለቱ ነው። ነገን በንጋት መጥራት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ የእኛም «ነገ» የ«ነጋ» ዘመድ ነው።

ቃሉ ማይልስ ከቨርዴል በ1535 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነበር። ቦታው መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 8 ነው፦ ጦብያ ሙሽራይቱን ሣራን ለጸሎት ሲቀሰቅሳት የጸሎቱን ቀኖች ይቆጥርላታል፤ ሦስተኛው ቀን በዚህ ቃል ተጠርቷል። ከቨርዴል ሲሠራ የጀርመንኛ ትርጉሞችን ይመለከት ነበር። ጀርመኖች ደግሞ እስከ ዛሬ «ኡበርሞርገን» ይላሉ፤ ከነሱ ሳይቀዳው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ለትናንት ወዲያም «ኤርየስተርደይ» የሚል ቃል ነበር፤ «ኤር» በፊት ማለት ነው። ሁለቱም ሞቱ። መዝገበ ቃላት ቢመዘግባቸውም ከአገልግሎት የወጡ ብሎ ነው። በእርግጥ አማርኛም እንዲህ ያለ ቅርስ አለው፦ «ከነገ በስቲያ» የሚለውን «በስቲያ» ከነገና ከትናንት ነጥላችሁ ብቻውን ለመጠቀም ሞክሩ።

እንግዲህ ኦቨርሞሮውን ማወቅ ደስ ይላል፤ ለቀጠሮ ግን አይሆንም። ለአለቃችሁ «ኦቨርሞሮው እመጣለሁ» ብላችሁ ብትጽፉ ፊደል የተሳሳታችሁ ይመስለዋል። ቃል ለሚወድ ወዳጅ፣ ለቀልድ፣ ለግጥም ይሁን።

በሕይወት ያለው ዘመዳቸው «ፎርትናይት» ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙም አይሰማም፤ ለንደን ውስጥ ግን ዛሬም የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ትርጉሙ አሥራ አራት ሌሊት፣ ማለትም ሁለት ሳምንት። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ሊደናገር ይችላል፤ እኛ ለዚያው ጊዜ «የዛሬ አሥራ አምስት ቀን» እንላለን። ልዩነቱ አቆጣጠር ላይ ነው። እኛ ዛሬን ጨምረን ቀን እንቆጥራለን፤ እነሱ በመካከል ያሉትን ሌሊቶች ይቆጥራሉ። ሰኞ ዕለት «በፎርትናይት ተመለስ» የተባለ ሰውም፣ «የዛሬ አሥራ አምስት ና» የተባለውም የሚመጡት ሰኞ ነው።