ከእስር በኋላ ልጅን መረከብ፦ የሐዷና መብት እንዴት ይመለሳል?

በረመዷን ዋዜማና በዒድ ሰሞን የባሕረ ሰላጤው አገሮች መሪዎች ለታራሚዎች ይቅርታ ማድረጋቸው የቆየ ልማድ ነው። ከማረሚያ ቤት ወጥተው ከወገን ለሚቀላቀሉ ወላጆች ግን ደስታው የሚሞላው ልጆቻቸውን ሲያቅፉ ነው። ወላጅ በእስር ላይ ሳለ በአያት፣ በአክስት ወይም በቀድሞ የትዳር ጓደኛ እጅ የቆየን ልጅ መልሶ መረከብ በአንድ ጀምበር የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ሕግንም ትዕግሥትንም ይጠይቃል።

በሸሪዓ ልጅን የመንከባከብና የማሳደግ ኃላፊነት ሐዷና ይባላል። አንዲት የተፈታች ሴት፣ አባቱ ልጇን ሊነጥቃት መሆኑን ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አቤት ባለች ጊዜ፣ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ ለልጇ ይበልጥ የምትገባው እርሷ መሆኗን እንደ ነገሯት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ፉቀሃዎችም ከእናት ቀጥሎ የእናትን እናት ያስቀድማሉ። እናት ስትታሰር ልጆቿ ብዙውን ጊዜ ከአያታቸው ዘንድ የሚጠጉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁንና በእስር ምክንያት የተቋረጠ ሐዷና ለዘለዓለም እንደ ጠፋ አይቆጠርም። በኦቶማን ዘመን የተዘጋጀው የ«መጀላ» ሕግ በ24ኛው አንቀጹ፣ ከልካዩ ነገር ሲወገድ የተከለከለው መብት ወደ ቦታው እንደሚመለስ ደንግጓል። የማሊኪ መዝሀብ በበኩሉ ልዩነት ያደርጋል፦ እንደ ሕመም ባለ ከሰው ፈቃድ ውጪ በሆነ ምክንያት የተቋረጠ ሐዷና ምክንያቱ ሲወገድ ይመለሳል፤ በራስ ፈቃድ የተተወ ግን በታወቀው የመዝሀቡ አቋም አይመለስም።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የግል ሁኔታ ሕግ የሐዷናን ማብቂያ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። 15 ዓመት የሞላው ልጅም ከየትኛው ወላጅ ጋር መኖር እንደሚፈልግ የመምረጥ ዕድል ተሰጥቶታል። አሳዳጊው አእምሮው ጤነኛ፣ ታማኝና ልጅን ለማሳደግ የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ ዳኛው የሚመዝነው ወላጁ መታሰሩን ብቻ ሳይሆን ዛሬ ያለበትን ሁኔታም ነው። በዕዳ ታስሮ የተፈታ ሰው ጉዳይ፣ ልጅን ወይም ክብረ ንጽሕናን በሚነካ ወንጀል ከተፈረደበት ሰው ጉዳይ ጋር በአንድ ሚዛን አይታይም።

ከእስር የወጣ ወላጅ በቅድሚያ የመፈቻ ሰነዱን፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመኖሪያ ቤት ውልና የገቢ ማስረጃ ማሰባሰብ ይጠበቅበታል። መዘግየት ደግሞ ይጎዳል፤ ያለ በቂ ምክንያት ረጅም ጊዜ ዝም ማለት መብትን እንደ መተው ሊቆጠር ይችላልና። በፍርድ ቤቶች ያሉት የቤተሰብ መመሪያ ክፍሎች ወገኖቹን በስምምነት ለማስታረቅ ይጥራሉ። እርቅ ከተገኘ ልጁ በአባትና በእናት መካከል ከመጎተት ይድናል።

ልጆቹ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ከሆነ ጉዳዩ በዚያው ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ክርክርን የሚዳኙት ተከራካሪዎቹ በግልጽ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ አለዚያ መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል። በስደት ያለ ወላጅ በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ለቤተሰቡ ወይም ለጠበቃ ሊልክ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በፍርድ ቤት ውሳኔ የማይፈታው ነው። ጨቅላ ሳለ የተለየ ልጅ እናቱን እንደ እንግዳ ሊያያት፣ «እማዬ» ብሎ የሚጠራትም አያቱን ሊሆን ይችላል። አያትም ያሳደገችውን ልጅ በድንገት ብትነጠቅ ልቧ ይሰበራል። ስለዚህ በአጭር ጉብኝት መጀመር፣ ከዚያ አብሮ ማደርን ማስለመድ፣ ያሳደገውንም ሰው ከልጁ ሕይወት አለማስወጣት ይበጃል። ቁርኣን በአል-በቀራህ ምዕራፍ፣ እናትም ሆነች አባት በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ማዘዙ ለሁሉም ወገን መመሪያ ነው። ወላጁ ልጁን ሲረከብ ያሳደገችለትን አያት ማመስገኑ፣ እርሷም ልጁን ስትመልስ መመረቋ ለልጁ ከየትኛውም ፍርድ የበለጠ ዋስትና ይሆነዋል።