ክትባትና የሕክምና ተማሪዎች፦ በጋሞ ዞን የበጎ ፈቃደኛው ትልቁ ሥራ ምንድን ነው?

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በነጭ ሳር ግቢው የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎችን ያስተምራል። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ለክትባት ሥራ በበጎ ፈቃድ ሲሰለፉ ብዙዎቻችን መርፌ ሲወጉ ነው የሚታየን። መከተብ ግን የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ድርሻ ነው። የተማሪው ትልቁ ጥቅም ከመርፌው በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው።

ለምሳሌ የኩፍኝን ክትባት እንውሰድ። በአገራችን አንድ ሕፃን የመጀመሪያውን በ9 ወሩ፣ ሁለተኛውን በ15 ወሩ ይወስዳል። ሁለተኛው የተጨመረው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። ምክንያቱም በ9 ወራቸው ከተከተቡ 100 ሕፃናት መከላከያ የሚያገኙት 85 ያህሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ክትባት አብዛኞቹን የቀሩትን ይደርስላቸዋል። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ በመሆኑ በአካባቢው እንዳይዛመት ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም ክትባት መውሰድ አለባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር አለ። አንድ የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለ10 ልጆች የሚሆን ነው። ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓታት ውስጥ ካላለቀ የተረፈው ይጣላል። ስለዚህ አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ ባለሙያዋ ብልቃጡን ለመክፈት ልታመነታ፣ «በክትባት ቀን ተመለሺ» ልትላት ትችላለች። ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ ልጇን አዝላ ረጅም መንገድ የተጓዘች እናት ደግሞ በዚያው ልትቀር ትችላለች። ልጁም ሳይከተብ ያድጋል።

ተማሪዎች ይህን ክፍተት መሙላት ይችላሉ። ቤት ለቤት ዞረው የክትባት ካርድ ያያሉ፣ ያቋረጡትን ይመዘግባሉ፣ አሥሩ ልጆች በአንድ ቀን እንዲመጡ ያስተባብራሉ፣ የቀረውን ተመልሰው ይጠይቃሉ። ጋምኛ የሚናገር ተማሪ ከሆነ ደግሞ እናቶች የሚሰጉበትን ነገር በራሳቸው ቋንቋ ሰምቶ ማስረዳት ይችላል።

በእኛ ማኅበረሰብም ስለ ክትባት ጥርጣሬ ያላቸው ወገኖች አሉ። ሐጅ ያደረጉ አባቶችና እናቶች ግን የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስዱ ወደ ተቀደሰችው ምድር መግባት እንደማይቻል ያውቃሉ። ከጎረቤታችን ሶማሊያም አንድ ታሪክ እናንሳ። ዓሊ ማው ማሊን በመርካ ከተማ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። ያመኛል ብሎ ፈርቶ ከክትባት ሸሸ፤ በጥቅምት 1977 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው ሆነ። ከዳነ ከዓመታት በኋላ የፖሊዮ ክትባት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ የራሱን ታሪክ ለወላጆች ይነግር ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የሞተውም በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ታሞ ነው።

መስጂዶቻችን ለዚህ ሥራ ምቹ ናቸው። ኢማሞች ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የክትባቱን ቀን ቢያሳውቁ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎች ለተማሪዎቹ የምዝገባ ቦታ ቢሰጡ፣ እህቶች በየሰፈሩ ያሉ እናቶችን ቢያስታውሱ አንድ ብልቃጥ ለአሥር ልጆች በሚገባ ይውላል። ወላጆችም ዛሬውኑ የልጆቻችሁን ካርድ አውጥታችሁ እዩ፤ የ15 ወሩ መስመር ባዶ ከሆነ ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።